የባቡሩ ፊልም ተርጓሚ

የዘንድሮ ፊልም ማለት ሕንፃ የሚፈርስበት፣ መኪና የሚገለባበጥበት፣ አንድ ብረት ለበስ ሰውዬ ከሰማይ ወርዶ ከሌላ ብረት ለበስ ሰውዬ ጋር የሚላተምበት ነው። ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ስትነሱ፣ ይዛችሁት ቤት የምትገቡት አንድ ቃል የለም። ጆሯችሁ ብቻ ይጮሃል። የድሮ ፊልም ግን አልቅሳችሁ ትወጣላችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታ ታወሩታላችሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ፊልም ልታዩ ትመለሳላችሁ። እኔ ይመኙሻል ይሄን ስል ኖሬያለሁ፤ የሚከራከረኝም ሰው ሳይጸጸት የሄደበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዝም ብዬ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ወጣት ሆኜ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ፣ ከገበያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ የጭቃ ወለል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፤ በቃ። የሚታየው የሕንድ ፊልም ነው። ከሥሩ ጽሑፍ የለው፣ ምን የለው። ታዲያ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ አንድ ማይክ የያዘ ልጅ ይቀመጥና፣ ተዋንያኑ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በአማርኛ ይተረጉምልናል። ዘርአ ዳዊት ይባላል። የቄስ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ዲያቆን ስለነበር ድምፁ ያለ ማይክም ቤቱን ይሞላዋል። ሕንድኛውን ከየት ተማርከው ሲሉት፣ የሒሳብ መምህሬ ሕንዳዊ ነበሩ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀዋል? ከተማው ሕንዱ ብሎ ጠራው። እስከ ዛሬም ሕንዱ ነው፤ የጥንት ተመልካቾቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም ይሉታል።

ይሄ ሕንዱ የተባለው ሰው ባሌ ነው።

ከሁሉም ከሁሉም የባቡሩ ፊልም የምንለው ነበር። አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አለች፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው የምትሄደው። ክፉ አጎቷ ርስቷን ሊቀማት ከከተማ ሊያርቃት ያስባል። በመጨረሻ ባቡር ላይ ስትሳፈር የሚወዳት ድሃ ልጅ እየሮጠ ይደርስና በመስኮቱ በኩል አንዲት ነገር ይነግራታል። ባቡሩ ይሄዳል። ያን ቀን የኔም የጓደኞቼም ነጠላ በእንባ ራሰ። ያቺን ቃል አንድም ፊደል ሳይጎድል ይዣት ወጣሁ።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት አንኮበር ጎረቤላ እሄዳለሁ፤ ሰኞ እመለሳለሁ። የአንኮበር መንገድ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ መኪና አያስኬድም፤ አንዳንዴ ረፍዶ ነው የምንገባው። ሰኞ ሰኞ ከመኪና ስወርድ ሕንዱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የሚላክ ካሴት ሊቀበል ነው እንል ነበር። ሰላም ይለኛል፣ ዘንቢሌን ይይዝልኛል፣ አንድ ቃል ሳይጨምር እስከ ቤት ያደርሰኛል። ኋላ ሽማግሌ ሲልክ አላመነታሁም። እንደዚያ ያለ ነገር ከሕንድ አገር አምጥቶ የሚያሰማ ሰው፣ ቤት ሲገባማ እንዴት ያደርገኝ ይሆን ብዬ ነዋ።

ድንቄም! ቤት ሲገባ አፉን ዘጋ። ደግ ነው፣ ጠጪ አይደለም፣ ልጃችንን ፀደንያን አዝሎ ያሳደገ ሰው ነው። ግን አይናገርም። ወደድኩሽ፣ አማርሽኝ፣ ናፈቅሽኝ የሚባል ነገር ካፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በተናደድኩ ቁጥር የባቡሩን ልጅ አነሳበታለሁ። ስንቱን ቃል በማይክ ስትናገር ኖረህ ምናለ አንዲቷ እንኳ ብትጋባብህ እለዋለሁ። እሱ ለሴቲቱ እንደዚያ ሲላት አንተ ጨው አቀብዪኝ ትለኛለህ እለዋለሁ። አቀርቅሮ ይሰማኝና ወጥቶ እንጨት ይፈልጣል። ቤታችን እንጨት አጥቶ አያውቅም።

ያቺን ቃል ግን ለመከራከሪያ ብቻ አልያዝኳትም። ሆድ ሲብሰኝ ለራሴ የምላት እሷን ነው። ለኔ ማንም ባይለኝ፣ ፊልምም ቢሆን፣ አንድ ሰው ለአንዲት ሴት እንደዚህ ብሏል እላለሁ፤ ትንሽ ይቀለኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ ፀደንያ ልትዳር ሆነ። እጮኛዋ ቃለ አብ ከሐዋሳ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምር ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ አንድ ክፋቱ አይሸነፍም። ለሰርጉ የሚሆን ቪዲዮ ሊያስቀርጽ አስቦ፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ከጀርባው ጭስ እየወጣ፣ ድሮን እየዞረው፣ ልጄን አቅፎ ቁልቁል ሲያይ ሊነሳ ነው። ይሄ የምታየው የብረት ለበስ ፊልም ያመጣብህ ነው አልኩት። እሱም በትሕትና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እትዬ የድሮውን የሚወዱት ፊልሙ በልጦ ሳይሆን ወጣት ሆነው ስላዩት ነው አለኝ።

አልተኛሁለትም። የባቡሩን ፊልም ካየህ ወዲያ ታወራኛለህ አልኩት። እንፈልገውና አብረን እንየው አለ። ፊልሙ ሳያስለቅሰው ቀርቶ እኔ ከተረታሁ የአንኮበሩን ጭስ ልፈቅድ፣ ዳግመኛም በዚህ ቤት የድሮ ፊልም ብዬ ላልጠራ፤ እሱ ከተረታ ደግሞ ጭሱን ሊተው ተስማማን። ለነሱ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ያቺን ቃል ከልጁ አፍ ዳግመኛ ልሰማ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ልቤ ሲመታ ሰነበተ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን ስናበቃ ቃለ አብ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። የተዋንያኑን ስም ነግሬው ፊልሙን ከኢንተርኔት አግኝቶታል፤ ከሥሩም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ እያነበብኩ እተረጉምላችኋለሁ አለ። ይሄን ጊዜ ዘርአ ዳዊት ከመቀመጫው ተነሳ። ሰላ ድንጋይ ለቅሶ አለብኝ አለ። ማን ሞተ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ እሱ ይጣራል አለ። ቁጭ በል አልኩት፤ የሙያህ ቀን ነው፣ ልጁ ሲሳሳት አንተ ታርመዋለህ። ተቀመጠ። መብራት ይሄድ ይሆን ብሎ አምፖሉን ሽቅብ ሲያይ አየሁት፤ መብራቱም ለክፋቱ ያን ቀን ሳይቆራረጥ በራ።

ፊልሙ ተጀመረ። ዓይነ ስውሯ ልጅ ብቅ አለች፤ መነጽሯን አወለቀችና ጋዜጣ ማንበብ ጀመረች።

ፀደንያ አየችኝ። ቆይ፣ ኋላ ነው የምትታወረው አልኩ። ክፉው አጎቷ መጣ። ጣቱን እየነቀነቀ ሲያስፈራራት ቪዲዮ ቤቱ በእርግማን የሚናወጥበት ቦታ ነው። ቃለ አብ አንገቱን አስግጎ አነበበና፣ እትዬ፣ ሰውየው የጥርስ ሐኪሟ ነው፣ ከረሜላ አታብዢ ነው የሚላት አለ። ፀደንያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጄ ናትና ለመሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ደሜ ፈላ። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሕንድኛ አያውቅም አልኩ። አንተ ንገራቸው እንጂ ብዬ ወደ ባሌ ብዞር፣ ወንበሩን ቀስ በቀስ እየገፋ በሩ አጠገብ ደርሷል።

በመጨረሻ ባቡሩ መጣ። ሁላችሁም ዝም በሉ አልኩ። ልጁ እየሮጠ ደረሰ፤ ያው ፀጉር፣ ያው ሸሚዝ፣ ያው የመስኮት ብረት። አፉን ከፈተ። ቃለ አብ ግን ዞሮ ፀደንያን አየ። አንብብ እንጂ አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ።

«ቁልፉን የት አደረግሽው? ውሻው ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ባቡሩ ሄደ፣ ልጁ ቆሞ ቀረ፣ ሙዚቃው ያለቅሳል፤ እኔ ግን አልሰማም። ያን ሁሉ ዘመን በብቸኝነቴ ይዤ የኖርኩት የውሻ ነገር ነው? ውሸት ነው አልኩ። ተነስቼ ቆምኩ። እሱ ያለው እንደሱ አይደለም ብዬ፣ ከዚያ በፊት ለማንም ጮክ ብዬ ያላልኳትን ቃል ልጆቼ ፊት አልኳት።

«ቅዳሜ ብትሄጂም፣ ሰኞ እስክትመለሺ ልቤ አያርፍም። ጉሙ መንገዱን ቢይዝብሽ፣ ጉሙ እስኪገለጥ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቃለ አብ ቀስ ብሎ፣ እትዬ፣ እዚህ ያለው እኮ ባቡር ጣቢያ ነው፣ ፀሐዩም ያቃጥላል፣ ጉም የለም አለ። ፀደንያ ግን እኔን ትታ አባቷን እያየች ነበር።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ቅዳሜ ሄደሽ ሰኞ የምትመለሺው አንቺ አልነበርሽም እንዴ?»

ወይ የኔ ነገር! ሰው እንዴት እንዲህ ይደነቁራል? ባቡር ለምትሳፈር ልጅ መናኸሪያ ምን ይሠራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ዞር አልኩ። ዘርአ ዳዊት በሩን ይዞ ቆሟል፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል።

«ሰኞ ሰኞ እዚያ የምትቆመው ካሴት ልትቀበል አልነበረም?» አልኩት።

«ካሴት የሚመጣው ሐሙስ ነው» አለ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳቅ ነው ልበል ልቅሶ ነው እኔም አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ከዚያ ደግሞ ንዴቱ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት በገዛ ቃሉ ስሰድበው እንጨት እየፈለጠ ዝም ይላል? አንተ ሰው፣ እስቲ ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። መጀመሪያ ስለ ሕንድኛው ነገረን። አንድም ቃል አያውቅም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምሩት፤ እሱንም ቢሆን በደንብ አይሰማውም ነበር። ፊልሙን ሁሉ ከራሱ ነው የሚፈጥረው። ልጅቷን ያሳወራት ጥቁር መነጽር አድርጋ በመጀመሪያው ቀን በር ስለገጨች ነው፤ ጋዜጣ የምታነብበት ቦታ ሲደርስ ካሴቱን ያሮጠዋል። ይሄን ካወራሁ ሕንዱ መባሌ ይቀራል፣ ከተማው መሳቂያ ያደርገኛል ብሎ ፈራ። ይሄንንስ ይሁን እሺ አልኩት፤ ለኔስ፣ በጓዳ፣ ለብቻችን ስንሆን?

የያዘውን በር ለቀቀ።

«ያ ሸሚዙን የከፈተ መልከ መልካም ልጅ ያለው መስሎሽ ነው የወደድሽው» አለኝ። «እኔ ነኝ ብልሽ የምትጠዪው መሰለኝ።»

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ልጆቹ ባይኖሩ አቅፈው ነበር፤ እነሱ ባሉበት ግን ኮሌታውን ብቻ አስተካከልኩለት። በል እንግዲህ፣ ዛሬ ሕንዱን ተወውና በራስህ አፍ አንድ ነገር በለኝ አልኩት። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ምን ሆንክ ስለው፣ አፉ የሚንቀሳቀስ ሰው ካላየሁ አይመጣልኝም አለ።

ቃለ አብ ይባረክ። ላፕቶፑ ላይ ጎርጎር አደረገና ሌላ ፊልም ከፈተ፤ ድምፁንም ዘጋ። ያው እኔ የምጠላው ነው፤ ከተማ ይነዳል፣ ሕንፃ ይወድቃል፣ ያ ብረት ለበስ ሰውዬ ፍርስራሹ መሐል ከአንዲት ሴት ፊት ቆሟል። ዘርአ ዳዊት አየውና ትከሻው ተዝናና። በርጩማ ሳበና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደ ጥንቱ ጎኑን ሰጥቶን ተቀመጠ። ማይክ ባይኖርም እጁን ወደ አፉ አስጠጋ። ብረት ለበሱ የራስ ቁሩን አወለቀና አፉን ከፈተ። ያ የዲያቆን ድምፅ ቤቴን ሞላው።

«ከተማው ፈረሰ፤ ይፍረስ። ቁጣሽን ለምጄዋለሁ፣ ስትጮሂ ቤቱ ሰው ሰው ይላል። እኔ የምፈራው አንቺ ዝም ያልሽ ቀን ነው። ያን ቀን አያምጣብኝ።»

ሴቲቱ ምን እንደመለሰች አላየሁም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ፀደንያ እንዲህ ነው እንዴ ፊልሙ ስትል ዝም በይ፣ አታቋርጪው አልኳት። እስከ መጨረሻው አየሁት። ድልድይ ፈረሰ፣ መርከብ ከሰማይ ወደቀ፣ ባሌ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው፤ ግማሹን ሳቅኩ፣ ግማሹን አለቀስኩ። ሲያልቅ ቃለ አብን የአንኮበሩን ጭስ እንደፈለግህ አጭሰው አልኩት። እሱ ግን የጭሱን ነገር ረስቶት ነበር መሰለኝ፣ ይሄ ፊልም ሁለተኛም ሦስተኛም ክፍል አለው አለኝ። ሁሉንም አምጣ አልኩት።