ቀዳዳው አልጋ

ሲስተር ሕብረት የተመታችው ከአልጋው ሥር ያለውን ባልዲ ለማየት ጎንበስ ባለችበት ነው። የመጣባትን ዱላ ለመመከት ቀኝ እጇን አነሣች፤ አጥንቷ ሲሰበር ድምፁን ራሷ ሰማችው። ቀና ስትል የመታት ማህጁብ ታማሚ አባቱን ሼህ ብኸይታን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከድንኳኑ ሲወጣ አየች። ከክንዳቸው የተነቀለው መርፌ ፈሳሹን መሬት ላይ ያንጠባጥብ ነበር።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ በሆሞሻ ዙሪያ አተት ተነሥቶ ሰው በተቅማጥና በትውከት ይደርቅ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን የአልጋዎቹ ሸራ መሐል ለመሐል ተቀድዷል፤ ሕመሙ ለመነሣት ፋታ ስለማይሰጥ ከታማሚው የሚወጣው በቀዳዳው ወደ ባልዲ ይወርዳል፤ ነርሷም የወጣውን አይታ ያንኑ ያህል በደም ሥር ትተካለች። ለሕብረት ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ከአሶሳ ገበያ ተመልሶ፣ መንደሩ ተነሥቶ የሚቀበላቸውን አባቱን በባዕድ ሴት ፊት ከወገባቸው በታች ራቁታቸውን ተዘርግተው ላገኘ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሚያ የተሰበረውን እጅ በካርቶን ደግፋ በሻሽ አሰረችው። የሳሚያ አማርኛ፣ እንደ ብዙዎቹ በርታ ጎረቤቶቿ፣ ሰውን ሁሉ ወንድ ያደርጋል።

«ሲስተር፣ አንተ አልቅስ። እኔ ወደዚያ ዞሬ ነው።»

«የማለቅስ መሰልኩሽ?»

«ፊትህ መስሏል።»

ሕብረትን ግን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባት የራሷ ቁጣ ነበር። የባምባሲ ሠፋሪዎች ልጅ ብትሆንም ተወልዳ ያደገችው በዚሁ ክልል ነው። ሽማግሌውን ሲያስመልሳቸው ራሳቸውን ደግፋ የያዘችው በዚሁ እጅ ነበር። ስለዚህ ፖሊሱ ረጋሳ መጥቶ «አሁኑኑ ሄጄ አስረዋለሁ» ሲላት፣ ምላሷ ላይ የመጣው ቃል «እሰረው» የሚል ነበር። ዋጠችው።

«አንተን ሲያይ አባቱን ይዞ ጫካ ቢገባስ?»

«ይግባ። የት ይደርሳል?»

«እሱማ ይደርሳል። ሽማግሌው ናቸው የማይደርሱት። ያለ ፈሳሽ እስከ ማታ አይቆዩም።»

ረጋሳ የታሰረውን እጇን አየ። «በየትኛው እጅሽ ልታክሚያቸው ነው?»

«መንገዱ ዳር ጠብቀኝ» አለችው ብቻ።

ሳሚያ የፈሳሹን ከረጢቶች ተሸክማ በጭቃው መንገድ ወደ ማህጁብ ቤት አብረው ወረዱ።

«ዐውራ ነው» አለች ሳሚያ። «ሰው የማያየው ሰውነት። ለሼህ ከዚህ ሞት ይሻላል።»

«ልብሳቸው ተበላሽቶ እኮ ነው ያወለቅኩት።»

«አውቃለሁ። ጀለቢያ ከኋላ ብቻ ቢቀደድ ይበቃ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቀኝ?»

ሕብረት ሳሚያን ባልዲ ስትደፋ፣ ወለል ስትረጭ አይታታለች፤ ምክር ጠይቃት ግን አታውቅም።

ማህጁብ የቀርከሃውን አጥር መግቢያ ዘግቶ ቆሞ ነበር። የሕብረትን የታሰረ እጅ ላለማየት ወደ ጎን ይመለከታል።

«ፖሊስ የት አለ?»

«መንገድ ዳር። አይገባም።»

«አንተም አይገባም።»

«አባትህ ሸንተዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «አልሸናም» አለ ቀስ ብሎ።

«ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው። ስማኝ፤ በጀለቢያቸው ይተኛሉ፤ ከኋላ ብቻ ይቀደዳል። ከወገባቸው በታች እኔ አላይም። ባልዲውን አንተ አይተህ ምን ያህል እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

ማህጁብ ግቢ ብሎ አልጋበዛትም፤ ከመግቢያው ላይ ብቻ ዘወር አለ።

ሽማግሌው ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ቆዳቸው ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ልጃቸው በብርድ ልብስ ከልሎ ጀለቢያውን በቢላ ቀደደው። ከዚያ ከአልጋው መሐል ሁለት ቀርከሃ ነቅሎ ባልዲውን ከሥር ገፋ። ተነሥቶ የሠራውን ትንሽ ጊዜ ቆሞ አየው።

ሕብረት በግራ እጇ መርፌውን ያዘች። የደረቀው ደም ሥር ሸሻት። ደገመች፤ አሁንም ሳተች፤ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በዚያኛው እጅ አድርግ እንጂ» አለ ማህጁብ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

«ክንዳቸውን ያዝልኝ» አለችው ሕብረት። «ቆዳውን ወጥር። በሌላው እጅህ የእኔን ከሥር ደግፈው፣ እንዳይንቀጠቀጥ።»

ማህጁብ ገላዋን ላለመንካት መዳፉን በሻርፑ ጫፍ ጠቅልሎ የእጇን አንጓ ደገፈ። ሕብረት ለሦስተኛ ጊዜ ወጋች። በቱቦው ጫፍ ደም ብቅ አለ፤ ፈሳሹም መውረድ ጀመረ።

ሁለተኛው ከረጢት ሲጋመስ ሽማግሌው በበርታ አንድ ነገር ተናገሩ። ሳሚያ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«ምን አሉ?»

«ልጄ ጀለቢያ ቀደደ፤ አዲስ ይገዛል፣ ይላል።»

ማህጁብ አልሳቀም። «ሲስተር፣ ለፖሊስ ምን ትላለህ?»

«እንደመታኸኝ።»

«ሌላስ?»

«እጄን እንደደገፍክልኝም።»

«ይህ ያድነኛል?»

«አላውቅም። መምታትህን ግን አልደብቅም። ነገ በእኔ ቦታ ሌላ ነርስ እዚያ ድንኳን ትገባለች።»

ማህጁብ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «አባት እስኪሸና እቆያለሁ» አለ።

«ቆይ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብርድ ልብሱ ጀርባ አንድ ጣሳ ይዞ ወጣና እንድታይ አዘነበለላት። ትንሽ ነበር፤ ቢጫ፤ ግን ሽንት ነበር።

«ጥሩ ነው» አለችው። «አሁን ይተርፋሉ ብዬ አስባለሁ።»

ማህጁብ ጣሳውን ደፍቶ እጁን ታጠበ። የአባቱን ግንባር ሳመና ምንም ሳይናገር ረጋሳ ወደቆመበት መንገድ ሄደ። ሕብረት በዓይኗ አልተከተለችውም፤ ከረጢቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ሌላውን ለመክፈት ጫፉን በጥርሷ ይዛ ትታገል ነበር።