የእትዬ ምብራት በግ

አስማ ባሻን ከበረት ስታስወጣው ባሏ ሙዓዝ በሩ ላይ ቆመባት። ሌላውን ሁሉ ጫኚ፣ እሱ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም አላት። እውነት አለው። ባሻ የእርባታቸው አውራ በግ ነው፤ ዳማ፣ ደረቱ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ፣ የዘንድሮ ግልገል ሁሉ አባት። ልጆቹን ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ነው ሰው የሚሻማባቸው።

አስማ ግን በጉን ፒክአፑ ላይ አውጥታ ለብቻው አሰረችው። የድሮ ጎረቤታቸው እትዬ ምብራት ደውለው፣ “ለፋሲካ እንደ ድሮዬ መጥቼ እመርጣለሁ፤ ጊዮርጊስ ጠብቂኝ” ብለዋታል። እትዬ ምብራት ደግሞ ከመረጡ ከሁሉም ነው እንጂ ተደብቆ ከተረፈው አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ባልና ሚስቱ አዲስ ሙሽራ ሳሉ የተከራዩአት ክፍል ውስጥ አንዱ ሲቆም ሌላው አልጋ ላይ መውጣት ነበረበት። ሙዓዝ ራስ መኮንን ድልድይ ሸራ ዘርግቶ ጫማ ይሸጣል፤ እሷ አንድ እግር ጫማ በእጇ ይዛ አላፊውን በነገር ትጠራለች። አንዲት እናት በግ ገዝተው ማሳደሪያ ቢያጡ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ምብራት ከጓሯቸው ቆርሰው ሰጧቸው። ኪራይ አልጠየቁም። በየፋሲካው ዋጋውን ከፍዬ አንድ በግ እወስዳለሁ፤ ከእኔ በፊት ግን ማንም እጁን አያሳርፍም አሉ። ውሉ ይኸው ነበር።

እና አመራረጣቸው! ቀዳም ሹር ጠዋት፣ ቄጤማቸውን ራሳቸው ላይ አስረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ገዢውም ሥራ ፈቱም አጥሩን ይደገፋል። ወገብ ይዳብሳሉ፣ ላት በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ከንፈር ገልጠው ጥርስ ያያሉ። ያልጣማቸውን፣ “ይሄስ በግ አይደለም፣ የበግ ዘመድ ነው” ብለው ሲያልፉት ሳቁ እስከ ጊዮርጊስ ይሰማል። ምርጡን እሳቸው ይወስዳሉ፤ ሁለተኛውን ተከታዩ። አረፋ ሲደርስ ደግሞ የሙዓዝ ዘመዶች ከቀረው ሸጋ ሸጋውን ይለቅማሉ።

በጎቹ እየበዙ ጓሮው ሲጠብ ሱሉልታ መሬት ይዘው ወጡ። ቁጥሩ ጨመረ፤ በጉ ግን ዓመት በዓመት እየደቀቀ ሄደ። መኖ ቀየሩ፣ አስከተቡ፣ ሙዓዝ ዓይን ነው አለ። አንድ ቀን አስማ በረት ውስጥ ቆማ የቀሩትን ወንድ በጎች ስታይ ነገሩ በራላት። ስህተታቸው የገበያ ልጅ ስህተት ነበር። ፒያሳ ያደገ ሰው ምርጡን ዕቃ ፊት አውጥቶ ቀድሞ ይሸጣል፤ እነሱም ሸጋውን ሁሉ ለበዓል ሰጥተው፣ ገዢ የናቀውን ከሲታ አባት አድርገውት ኖረዋል።

“ሙሽራውን እያረድን በሚዜው ስናስወልድ ከረምን” አለችው ለባሏ።

ከዚያ ወዲህ ምርጡ አይሸጥም። እርባታው እርባታ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ዶሮ ማነቂያም በዚያው ሰሞን ፈረሰች፤ እትዬ ምብራት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ምርጫውም በዚያው ቀረ። እስከ ዘንድሮ።

ጊዮርጊስ ዙሪያው አምሮበታል። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል። አስማ ፒክአፑን ገና ከማቆሟ አንድ ደንብ አስከባሪ መጥቶ፣ በግ እዚህ አይወርድም፣ ቶሎ በይ አላት። አንድም በግ እንደማይወርድ፣ መጥቶ የሚያያቸው ሰው እንደምትጠብቅ ነገረችው። እትዬ ምብራት ከታክሲ ሲወርዱ ከስተዋል፤ ቄጤማው ግን በቦታው ነው። ሳሟት፣ ስለ ሙዓዝ ጠየቁ፣ ከዚያም ወሬውን ትተው ወደ በጎቹ ዞሩ። የመጀመሪያውን ዳበሱ፣ ሁለተኛውን ገፋ አደረጉት። አጥር ላይ የሚሰቀል ሰው የለም፤ አላፊው ሁሉ ስልኩን እያየ ያልፋል። ባሻ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ወገቡ ላይ ቀረ።

“ይሄ ነው።”

አስማ ገመዱን ልትፈታ እጇን ሰደደች። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ ወይም እጇ እምቢ አላት።

“ምነው ፊትሽ?”

“አውራችን ነው፣ እትዬ። እሱ ከታረደ የበረቱ ግማሽ ታረደ ማለት ነው።”

“ታዲያ ምን ቆርጦሽ አመጣሽው?”

“ትቼው ብመጣ የመረጡት በግ ሳይሆን ያስመረጥኩዎት በግ ይሆን ነበራ።”

እትዬ ምብራት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ ነገሯት፤ ለካ እዚያ ኮንዶሚኒየም ከጎረቤት ጋር የበሬ ቅርጫ ገብተዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ላለች ብቸኛ ሴት ሙሉ በግ ምኗ ነው።

“ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?” አለች አስማ፣ ገመዱን ለቃ።

“ልመርጥ ነዋ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ስጋውማ በፌስታል ይመጣልኛል። ይሄ እጅ ግን ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የበግ ጀርባ ነክቶ አያውቅም።” ባሻን አንዴ ደግመው ዳበሱት። “መርጫለሁ። የእኔ ነው፤ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ።”

ደንብ አስከባሪው እስኪመለስ ቁልቁል ወደ ድሮው ሰፈር እያዩ ቆሙ። እትዬ ምብራት ጓሮው ያ መብራት ጋ ነበር አሉ። አስማ የለም፣ ከዛፉ ወዲያ ነው አለች። ተከራከሩ፤ ማናቸውም አልተረቱም።

የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ሙዓዝ ደወለ። ሰላምታ አልነበረውም።

“ወሰዱት?”

“መርጠውታል።”

“አላልኩሽም!” አለ። 

“ግን ይዤው እየመጣሁ ነው” አለች። “ከእንግዲህ የእሳቸው ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን።”

“እንግዲያው መኖውንም እሳቸው ይቻሉት” አለ ሙዓዝ። ቀጥሎም፣ በጋቸውን መጥተው የሚያዩበትን ቀን ጠይቂያቸው፣ ራሴ ሄጄ አመጣቸዋለሁ አላት።