ዘሪቱ በር ላይ የቀረች ዕለት

ጎረቤቴን ዘሪቱን እግዜር ሲፈጥራት እጅ አብዝቶባታል። የሰው ወጥ ታማስላለች፣ የሰው ልጅ ትቆጣለች፣ ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ድንኳኑን «ወደዚህ ሳቡት» ትላለች። እኔ አልቀየማትም። እሷ ባትኖር ደብረ ማርቆስ ከተማ ላይ ምን እናወራ ነበር?

ያሁኑ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። የልጇ የየኔዓለም ሚስት ሄለን ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቴም አስወረዳት። ሦስተኛውን ስትይዝ ዘሪቱ «ይሄንንስ አላስነካም» ብላ ተነሳች።

ባልና ሚስቱን ለየቻቸው። የኔዓለምን ሳሎን ሶፋ ላይ ጣለችውና እሷ ከሄለን ጎን ተኛች። ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የገዛ ሚስቱን በገዛ ባጃጁ እንዳያሳፍር ከለከለችው፣ ይንጣታል ብላ። ውሃውን ራሷ ታፈላለች፣ ጎመኑን ራሷ ታጥባለች። ልጅቱ ሽንት ቤት ከቆየች በር ታንኳኳለች። አንድ ቀን ሄለን አጥሩ ጥግ መጥታ፣

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይጥሯትና ወሬ ያስይዙልኝ። ትንሽ ልተንፍስ» አለችኝ።

ጠራኋት። ወሬ ማስያዙ እኔን አይከብደኝም።

ስለቱንስ ብትሉ። ለማርያም ጃንጥላ ተሳለች። ወዲያው ደግሞ ለሚካኤል። ቀጥሎ ለገብርኤል።

«አንቺ፣ ላንድ ልጅ ይሄ ሁሉ ጃንጥላ?» አልኳት።

«አንዱ ሥራ ቢበዛበት ሌላው ይደርስልኛል» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ማርያም ይሄን ሲሰሙ ምን እንዳሏት ራሷ ናት የነገረችኝ። «ቅዱሳኑን ጨረታ አወጣሽባቸው እንዴ?» ብለዋት፣ ቀጥለው ደግሞ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ሥራ ለእግዚአብሔር የቱን ተውሽለት?» አሏት።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለችኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ ማለታቸው ነዋ።»

«እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ልጅቱን ማን ያያታል?»

«እሱ ያያታል።»

«እስካሁንስ የት ነበረ?»

ሁለቱንም ጊዜ የልጅቱን ደም ያጠበች እሷ ናት።

ሄለን ሰባት ወሯ ሲገባ እናቷ ወለተ ማርያም ከጉንደ ወይን መጡ። ባገራችን የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ልጃቸውን ሊወስዱ ነው የመጡ። ዘሪቱ «እዚህ ሆስፒታሉ አፍንጫዋ ሥር ነው፣ የት ትሄዳለች?» አለች። እሱስ እውነቷን ነው።

«እንግዲያው እኔ ልቆይላት» አሉ ሴትዮዋ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አለቻቸው።

የቀረበላቸውን ምሳ በቅጡ ሳይነኩ በሚኒባስ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሄለን መብሉም ወሬውም ቀነሰባት።

ምጡ ጠዋት መጣ። መኪና እስኪፈለግ ማን ይጠብቃል፤ በዚያው በተከለከለችው ባጃጅ ጫንናት፣ ዘሪቱ ባንድ ጎን እኔ በሌላው።

«ቀስ በል፣ አንተ። ጉድጓድ አለ።»

«እማዬ፣ የምነዳው እኔ ነኝ።»

«እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ።»

ሄለን እዚያው ምጧ ላይ ሆና ሳቀች።

ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለው አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ከሰዓት በኋላ ሀኪሟ ወጣችና፣ «ልጁ እየደከመ ነው። ትንሽ እንሞክራለን፣ ካልሆነ በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን። አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ያበርታት» አለች።

ዘሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። ይኸኔ ወለተ ማርያም ከች አሉ። ለካ የኔዓለም ለናቱ ሳይነግር ደውሎላቸዋል። ሴትዮዋ ጫማቸው ጭቃ እንደሆነ ቆሙ። ዘሪቱን አዩ፣ በሩን አዩ። መከልከሉን ለምደውት ኖሮ ሄደው ግድግዳውን ተደገፉ።

ከውስጥ የሄለን ጩኸት መጣ። የዘሪቱ እጅ በሩ ላይ ነበረ። እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«እርስዎ ይግቡ» አለቻቸው።

«እኔ?»

«ይግቡ። እኔ ከገባሁ አዋላጇን ላስተምር ነው።»

ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።

ዘሪቱ እንግዲህ የምትሠራው አጣች። አግዳሚውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። የማታውቀውን ሰው ፌስታል አነሳችና ቀና አድርጋ አስቀመጠች። እሱም አለቀ። መሬት ላይ ዘፍ ብላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጣለቻቸው፣ የሰው እጅ ይመስል እያየቻቸው።

«አሁን ምን ልሥራ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። ለኔ እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚያ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች። ስትጸልይ ሰምቻት አውቃለሁ፤ ሁሌ ለሠራተኛ ሥራ የምታከፋፍል ነበር የምትመስል። ያን ቀን ግን ይሄን ስጪኝ፣ ያን አድርጊልኝ የለም። ስሟን ብቻ ጠራች። እኔም አገዝኳት፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ተቀበሉን።

በሩ ሲከፈት ወለተ ማርያም እያለቀሱ ወጡ። የምን ለቅሶ እንደሆነ ፊታቸው አይናገርም።

«ሴት ናት» አሉ። «በራሷ ወለደቻት፣ ሳይቀዷት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ዘሪቱ እዚያው እንደተቀመጠች ግንባሯን መሬት አስነካች። እልልታውን እኔ አቀለጥኩት፣ ዘበኛው መጥቶ እስኪቆጣኝ ድረስ።

ወለተ ማርያም ጎንበስ ብለው እጇን ይዘው አነሷት።

«ይነሱ እንጂ። ገብተው ይዩዋት፣ ፈቅደዋል።»

ዘሪቱ እንባዋን ጠረገችና፣ «በደንብ ጠቅልለዋ...» ብላ ጀመረች። ጀመረችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን አሉኝ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ምንም። ይቅደሙ፣ እከተላለሁ።»