ሚዜ ነሽ ተብላ

ጽናት ቀየት ከተማ ቤት ተከራይታ ስምንተኛ ክፍል የምትማር የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. በጥር ዕረፍት «የአጎትሽ ልጅ ቤተል ልትዳር ነው፤ ሚዜዋ አንቺ ነሽ፤ እህትሽም እዚህ አለች» የሚል መልእክት ከአባቷ ከአቶ ጫኔ ደረሳትና ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ አገሯ ገባች። ይበልጥ ደስ ያላት ግን ታላቅ እህቷን ሸዋረጋን እውነትም እቤት ስታገኛት ነው።

ሸዋረጋ ያን ደጅ ከረገጠች ዘጠኝ ዓመት አልፏት ነበር። በዐሥራ አራት ዓመቷ ድረዋት፣ በሦስተኛው ወር ከባሏ ቤት ኮብልላ ዓለም ከተማ ወረደች። ሰው ቤት ተቀጥራ ኖራ፣ ኋላ የራሷን ፀጉር ቤት ከፈተች። አባቷም ስሟ በቤታቸው እንዳይነሳ ገዘቱ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የጽናትን ደብተርና ዩኒፎርም የምትልከው እሷ ነበረች። በየደብዳቤዋ መጨረሻም «በእኔ የደረሰው እኔ እያለሁ ባንቺ አይደርስም» ብላ ትጽፍላት ነበር።

«አባባ ታረቁሽ እንዴ፣ እትዬ?» አለቻት ጽናት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ።

«ታረቁኝ» አለች ሸዋረጋ ዐይኗን ሰበር አድርጋ።

በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሸዋረጋ እህቷን ጓዳ አስገብታ ዱካ ላይ አስቀመጠቻት። ማታ በቢጎዲን የጠቀለለችውን የኋላ ፀጉሯን ፈታች፤ የፊቱን በሚዶ እየከፈለች ቀጭን ሹሩባ ሠራችላት። እጇ ቀልጣፋ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንዱን ጉንጉን ሦስት ጊዜ አፈረሰችው።

«ቤተልን ሳትሠሪ እኔን?»

«ሙሽራ መጨረሻ ነው የምትሠራው። ቀና በይ።»

ጽናት ዐይኗን ተኳለች፤ ፊቷን ፓውደር ተቀባች። ሸዋረጋ ሊፕስቲኩን ስታወጣ ጽናት ሳቀች። «ለሚዜ አይበዛም?»

«ከንፈርሽን አታነቃንቂው።»

መስታወቱን ስትሰጣት ጽናት ራሷን አላወቀችም። ትልቅ ሴት መስላ ነበር። እንዲያ ተደስታ ሳለች ቤተል የጠላ ማጥለያ ይዛ ገባች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ላይ የገብስ ገለባ አለ፣ ቀሚሷ የሥራ ቀሚስ ነው።

«አንቺ! ሙሽራው ሊደርስ ነው እኮ፣ እስካሁን እንዲህ ነሽ?»

ቤተል አልሳቀችም። ወደ ሸዋረጋ ዞረች። «እስካሁን አልነገርሻትም?»

ሸዋረጋ አጎንብሳ ሚዶዋን መጥረግ ያዘች። ቤተል ማጥለያውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት፦ «ከወረዳ የሙሽራ ዕድሜ ሊያጣሩ በመጡት ሰዎች ፊት ሙሽራ ነኝ ብዬ የቀረብኩት እኔ ነኝ። አስገድደውኝ ነው። የአቶ አወቀ ልጅ ምንተስኖት የሚወስደው ግን አንቺን ነው።»

ጽናት መጀመሪያ ያየችው ቤተልን አይደለም፤ እህቷን ነው። እህቷ «ውሸት ነው» እስክትል ጠበቀች። አላለችም።

«እትዬ?»

«አባባ ‹ከደጄ መግባት ከፈለግሽ እህትሽን አምጪልኝ። አንቺ አለሁ ካልሽ ትመጣለች፤ ሌላ ሰው አታምንም› አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት፣ ጽናቴ! የእማዬን መቃብር እንኳ ሳልሳለም . . .» ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ልጁ ጨዋ ነው። ትምህርቷንም አናስቆማትም ብለዋል።»

«ላንቺስ እንደዚሁ ብለውሽ አልነበር?»

ጽናት ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ቀለሙ ጉንጯ ላይ ተለቀለቀ። እንደዚያው ሆና ወጣች።

ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ጻድቅ ተቀምጠዋል። ጽናት ፊታቸው ቆመች።

«መምሬ፣ ያጠመቁኝ እርስዎ ነዎት። ስንት ዓመቴ ነው?»

መምሬ ኩሉ ከእንባዋ ጋር የወረደበትን ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። «የተወለድሽው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ዐሥራ አምስት ሞልቶሻል። ምነው ልጄ?»

«ዛሬ የምዳረው እኔ ነኝ።»

መምሬ ወደ አቶ ጫኔ ዞሩ። «የቤተል ነው ብለህ አይደል የጠራኸኝ?»

አቶ ጫኔ «የልጅ ነገር . . .» ብለው ጀመሩ፤ መምሬ ግን መስቀላቸውን አንስተው ቆመው ነበር። «ዋሽተህ ባቆምከው ዳስ እኔ አልባርክም» አሉና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል? ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። የጓሳውን ሜዳ አቋርጦ የሚመጣውን የሙሽራውን አጀብ የሚመልስ ሰው በፈረስ ተላከ።

አቶ ጫኔ ጽናትን አላዩዋትም። ከጓዳው በር የቆመችውን ሸዋረጋን ነው ያዩት። «አንቺ ነሽ የነገርሻት! ድሮም አንቺ ነሽ። ሁለታችሁም ውጡልኝ።»

የሸዋረጋም አውቶቡስ የሚገኘው ቀየት ነውና እህትማማቾቹ አንድ መንገድ ያዙ። ጽናት ፊት፣ ሸዋረጋ ኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ሜዳውንም ጨረሱ። ከተማው ሲታይ ሸዋረጋ ሮጣ ደረሰችባት።

«ጽናቴ፣ ይቅር በይኝ። አይሆንም ብላቸው ኖሮ እኮ ሌላ ሰው ያደርገው ነበር።»

ጽናት ቆመች። «ሌላ ሰው ቢያደርገው ወዳንቺ እሸሽ ነበር» አለቻት። «አሁን ወዴት ልሂድ?»

ሸዋረጋ እጇን ልትይዛት ብትዘረጋም ጽናት ወደ ተከራየችው ቤት ታጠፈች። ሸዋረጋም መንገዱ ዳር ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ መንገደኛው ሰው የሞተባት መስሎት «እግዜር ያጽናሽ» እያላት ያልፍ ነበር።