አጥሮ የተቆረጠው ላስቲክ

«ነርሷ ጥንድ ልትቀይር ነው አሉ።»

የቴኒስ ሜዳው ጠባቂ ይህችን ወሬ ቀዩን አፈር እየጠረገ ያወራታል፤ መስመሩን በኖራ እየቀባ ይደግማታል፤ ሰሚ ያጣ እንደሆነ ለመጥረጊያው ይነግረዋል። ጋሼ ሬዲዮ ያሉት በከንቱ አይደለም። ማን አለ ሲሉት «አሉ ነዋ» ይላል። አሉ ደግሞ አድራሻ የለውም።

ልብስ ሰፊዋ ሚጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አልሆነላትም። ነርሷ ታላቅ እህቷ ናት። ካገባች ወዲህ ባሏና ሆስፒታሉ ተካፍለዋት፣ ለታናሿ የተረፈችው ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ወሬው እንደሚለው ረዥሟ የሂሳብ ሠራተኛ የጨዋታ ጥንድ አድርጋ ከወሰደቻት ያቺ ጠዋትም አበቃላት።

ምክንያትም አልጠፋም። እህቷ መረቡ ሥር ብቻዋን ስትጋደል፣ እሷ ከኋለኛው መስመር ላይ ተተክላ ትቀራለች። ጠጋ ካለች ኳሱ ፊቷን የሚያፈርሰው ይመስላታል። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ጋሪ ያሳልፋል፤ ተጋጣሚም ኳሱን በዚያው ይነዳዋል።

«ሚጣ፣ ወደፊት ስሄድ አብረሽኝ ነይ፤ ወደ ጎን ስሄድም አብረሽኝ። እዚያ ኋላ ምን አስቀምጠሻል?» አለቻት እህቷ።

«ፊቴን። መለወጫ የለኝም።»

«እሱንስ ማንም አይወስድብሽም።»

ሚጣ ለምላስ አታንስም፤ ያን ቀን ግን መልሱን በእጇ ሰጠች። ሱቋ ገብታ ከቀሚስ ወገብ የተረፈ ላስቲክ አወጣችና በሁለቱ ጫፍ ቀበቶ ቀበቶ ሰፋችበት። እያንዳንዳቸው ወገባቸው ላይ አስረው ሲለማመዱ፣ የራቀችው የቀረችውን ትጎትታለች። ርዝመቱን በሜትር አልለካችም። «የእኔ ዓይን ሜትር ነው» እያለች የምትኮራ ሴት ናት፤ ልክ ነው ባለችበት ቆረጠችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው በጭጋግ ተሞልቶ ነበር። የመረቡ ክሮች ጤዛ አንጠልጥለዋል። ጋሼ ሬዲዮ ከማዶ ኳስ ሊወረውርላቸው ቆመ፤ እሱ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

«ነርሷ ጥንድ ልትቀይር ነው አሉ።»

«የትኛዋ ነርስ?» አለች ነርሷ።

«አንቺ ነሻ።»

«ታዲያ ለእኔ መቼ ነው የሚነገረኝ?» ብላ ሳቀች። ሐሰት ነው ግን አላለችም። ሚጣ ይህችን ልብ አለች።

ከዚያ ኳሶቹ መምጣት ጀመሩ። ከጭጋጉ ብቅ የሚሉት ሳይቸኩሉ ነው፤ አየሩ ላይ ተኝተው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ላስቲኩ ሚጣን ወገቧን ይዞ ሳብ ሲያደርጋት ትሄዳለች፤ ለቀቅ ሲያደርጋት ትቆማለች። እግሯ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። ሳታስበው መረቡ ሥር ደርሳ ራሷን አገኘችው። ራኬቱን ከፊቷ ዘርግታ፣ ወደ ኋላ ሳትወነጭፍ፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ኳሷ መጥታ ራኬቱን ነካችና ማዶ ጠብ አለች። ፊቷ እንዳለ ነው።

በግጥሚያው ቀን ላስቲኩን ፈቱት፤ ሰውነታቸው ግን አልፈታውም። አንዷ ስትነቃነቅ ሌላዋ አብራ ትፈሳለች። መሀሉ እንደ ግድግዳ ተዘጋ። ተጋጣሚያቸው ረዥሟ የሂሳብ ሠራተኛ ራሷ፣ ከአንዲት መምህርት ጋር ነበረች፤ ሞኝ ደግሞ አይደለችም። ኳሱን በጎን በጎን ትሰደው ጀመር፤ አንዴ በግራ መስመር፣ አንዴ በቀኝ። እህትማማቾቹ መሀል ተፋፍገው ኳሱ ሲያልፍ በዓይናቸው ይሸኙታል።

ሚጣ ዞር ስትል የእህቷን ትንፋሽ ሰማች። ይህን ርቀት ታውቀዋለች። በልጅነታቸው ክፍል፣ ከአልጋዋ እስከ እህቷ አልጋ ድረስ ያለው ነው። ላስቲኩን በዓይኔ ለካሁ ስትል እጇ የዚያን ክፍል ርቀት ቆርጦ ሰጥቷት ኖሯል።

«እትዬ፣ ራቂኝ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። ላስቲኩን አሳጥሬዋለሁ። ትንሽ ወደዚያ፤ አብሮ መሄዱን ግን እንዳትተዪ።»

«ዓይንሽ ሜትር አልነበረም እንዴ?»

«ሜትር ነው። የለካው ሌላ ቤት ነው።»

ነርሷ አየቻትና ፈቀቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ሜዳው እንደተሰፋላቸው ልብስ ልካቸው ሆነ። ድምፅ ሁሉ የራቀ መሰለ፤ ነጥብ ጠሪዋ ከውሃ ሥር የምትናገር ይመስል ነበር። ተራርቀው፣ ሳይተያዩ፣ አንድ ላይ ሲሄዱ ሲመለሱ ውጤቱን ደረሱበት።

በመጨረሻዋ ኳስ ሚጣ ማንንም ሳትጠብቅ ቀድማ ወደ መሀል ገባች፤ እህቷ ከኋላዋ ባዶውን ሸፈነች። ሚጣ ኳሷን በአየር ላይ አገኘቻት። ኳሷ የመረቡን ነጭ አናት መታች፣ እዚያው ላይ ያመነታች መሰለች፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው በኩል ወደቀች።

ተሸነፉ።

ረዥሟ እጅ ልትጨብጥ መጣች። «በይ እንግዲህ» አለች ለነርሷ፣ «ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነሽ። እንደተነጋገርነው።»

ሚጣ ያልተፈታ የጫማዋን ክር ልታስር አጎነበሰች።

«ተነጋግረን ነበር» አለች ነርሷ። «ያኔ የነበረችኝ ኋላ የምትቀር እህት ናት። አሁን ጥንድ አለኝ።»

«ተሸንፋችሁም?»

«ተሸንፈንም።»

ሚጣ ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል፤ አፏ ግን ያው ነው። «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ላስቲኬን አላባክንም ነበር።»

«ብነግርሽ ታኮርፊ ነበር እንጂ መቼ ትሰፊ ነበር?»

እየተነታረኩ በሩን አልፈው ወደ መንገዱ ታጠፉ። ጋሼ ሬዲዮ መረቡን ሊፈታ መሀሉ ላይ የመለኪያ ዱላውን አቆመ፤ አየ፤ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። መሀሉን ወደ ታች የሚይዘው ማሰሪያ ሸርተት ብሎ፣ መረቡ ከጠዋት ጀምሮ ከልኩ አንድ ጋት ከፍ ብሎ ነበር የዋለው።