ክዳኑ እንዳይነሳ

ፋናዬ ያን ቀን ከአልጋዋ የወረደችው ተቆጥታ ነበር። ገና ማንም ምንም አላደረጋትም። ግን ቀኑ ረቡዕ ነው፤ በማግስቱ ሐሙስ ማለዳ ደግሞ ሀሊሜ ወደ ሮቤ ትሄዳለች። ይህን የሚያህል ነገር እያለ ማን ላይ መቆጣት እንዳለባት ስላላወቀች ባገኘችው ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘችው ባሏን ሣህሌን ነው።

«ጫማህን ሁልጊዜ መሀል ቤት ነው የምታወልቀው?» አለችው። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

ሀሊሜ የአጥር ጎረቤቷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ተጫጭረዋል፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አዝላ አሳድጋለች። የሀሊሜ ባል ከዲሮ የሞተ ጊዜ ፋናዬ ሳምንት ሙሉ ከዚያ ቤት አልወጣችም። አሁን የሀሊሜ ልጅ ሁሴኖ «እናቴ ብቻዋን አትቀመጥም» ብሎ ሮቤ ሊወስዳት ነው። ሮቤ ቅርብ ነው ይላል ሣህሌ። አዎ፣ ለወፍ ቅርብ ነው። ቀበሌ ደጅ ጠንቶ የይለፍ ወረቀት ለሚያወጣ፣ መኪና ሲጠብቅ ውሎ በክረምት ጭቃ ለሚገፋ ሰው ግን ቅርብ ይሁን አይሁን እሱ ይሂድና ይየው።

ሁለቱ ሴቶች አብረው ያልበሉት የለም፤ ቆሎው፣ ቂጣው፣ በጾም ቀን ሽሮው። ጣጣው የሚመጣው ግብዣ ሲሆን ነው። የፋናዬ ልጅ አሰፋች ስትዳር ለሀሊሜና ለዘመዶቿ የታረደው በሌላ እጅ፣ የተሠራው በሌላ ድስት፣ የቀረበውም በሌላ ድንኳን ነው። ሁሴኖ ሲያገባም ለፋናዬ ወገኖች እንዲሁ ተደረገ። አገሩ እንዲህ ነው፣ ማንም አልተቀየመበትም፤ እንዲያውም ክብር ነው። ግን በአሰፋች ሰርግ ዕለት ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፋናዬን ሲያጎርሳት፣ ሀሊሜ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ እጆቿን አጣምራ ከሩቅ ትስቅላት ነበር። ፋናዬ ያንን ሳቅ አልረሳችውም። ሀሊሜ ሳትሄድ አንድ የረባ ግብዣ፣ ከአንድ ድስት ወጥቶ፣ በአንድ ትሪ ቀርቦ፣ አንድ ጊዜ ልታጎርሳት ፈለገች። ያማራት ይኸው ብቻ ነው። ለባሏም ለማንም አልተናገረችም፤ አምሳ ዓመት የሞላት ሴት «ጉርሻ አማረኝ» ብላ ታውጃለች እንዴ?

ለዚህ የሚሆነው መኮሮኒ ነው። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ለረቡዕ ጾምም አይከለከል፤ የግብዣ ምግብ ለመሆኑ ደግሞ አሰላ ውስጥ የሚከራከር የለም። ከቀበሌው ሱቅ ሁለት ወር ተሰልፋ ሁለት ፓኮ አጠራቀመች። የቤቷ ድስቶች ሁሉ የሷን የገና ዶሮና የፋሲካ በግ ያውቃሉና፣ ገበያ ወርዳ ምንም ያልነካው አዲስ ድስት ገዛች። ሀሊሜን ለረቡዕ ማታ ጠርታ ነገር ተሟላ ስትል የሴቶች ማህበሯ ሊቀመንበር ብርቄ ስብሰባ ጠራች። መቼ? ረቡዕ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት። መቅረት አይቻልም፤ የቀረች ሴት ስሟ ይመዘገባል፣ ስሟ የተመዘገበ ሴት ደግሞ ስኳር ሲመጣ ወረፋው እሷ ጋ ሲደርስ ያልቃል።

የጭድ ሳጥኑን ነገር ያኔ ነው ያስታወሰችው። ባለፈው ዓመት አንዲት ባለሙያ ለማህበሩ ሴቶች እንጨት ስለመቆጠብ ልታስተምር መጥታ ነበር። ወጡን እሳት ላይ በደንብ አንተክትኩት፤ ከነድስቱ ጭድ በተጠቀጠቀ ሳጥን ውስጥ ቅበሩት፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቡበትና ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ፤ በራሱ ሙቀት ቀስ እያለ ይበስላል አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «ድስት ይታቀፋል እንግዲህ!» አለች አንዷ። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። «አንድ ነገር ብቻ አደራ፣» አለች፣ «ክዳኑ እንዳይነሳ። አንድ ጊዜ ከተነሳ ሙቀቱ ሄደ፣ ልፋታችሁም ሄደ።»

ፋናዬ የጣውላ ሳጥን ለመነች፤ ጭዱን ከእህል ነጋዴው ከገብረሥላሴ ግቢ በጆንያ አመጣች። ረቡዕ ከረፋዱ ጀምሮ ሽንኩርቷን በዘይት አቁላላች፣ ቲማቲሙን ጨመረች፣ ያሳደረችውን ሽምብራ ከተተች። ከዚያ ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ነጭ ሽንኩርቱን። በርበሬውን በቁንጥጫ አደረገችው፤ ሀሊሜን ጨጓራ ያማታል። እየተንተከተከ ቤቱን በእንፋሎት ሲሞላው ከደነችው፣ ከሳጥኑ ቀበረችው፣ ጭዱን ጠቀጠቀችበት፣ የሣህሌን ብርድ ልብስ ከአልጋው ገፍፋ አለበሰችው። መኮሮኒው መጨረሻ ላይ የሚገባ ስለሆነ ከነፓኮው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

«ስማኝ፣» አለችው ሣህሌን፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «ይህን ሳጥን አትንካ። ክዳኑ እንዳይነሳ። ቢሸትህም፣ ባይሸትህም፣ ቤቱ ቢቃጠልም።»

«እኔ ምን አገባኝ!» አለ ሣህሌ።

ሣህሌ ከመንገድ ሥራ በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነው። ደግ ነው። የፋናዬን ዕድሜ ያሳጠረውም ይኸው ደግነቱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ አርፋ ትቀመጥ ነበር።

ብርቄ ያን ቀን ከአውራጃ የመጣ ደብዳቤ አነበበች። ሦስት ገጽ ነው። አንብባ ስትጨርስ ዘግይተው የገቡ ሴቶች ስላሉ ብላ ከመጀመሪያው ደገመችው። ከዚያ አስተያየት ተጠየቀ። ፋናዬ አስተያየት ሊሰጡ እጃቸውን ያወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ በዓይኗ ረገመቻቸው። የጭላሎ ተራራ ንፋስ በአዳራሹ ስንጥቅ እየገባ እግሯን ሲያደነዝዛት፣ እሷ የምታስበው ድስቱ እንዳይበርደው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ለቀቋቸው። ሩጫ በሚመስል እርምጃ ቤቷ ደረሰች፤ ገና ደጃፉ ላይ ሳለች ሽታው ተቀበላት።

በቁሟ ደረቀች። ሽምብራ እንዲህ አይሸትም። ጎመንም እንዲህ አይሸትም።

ሣህሌ ሳጥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። «መጣሽ? ነይ እዪልኝ! ዛሬ እንኳ አኮራሁሽ!»

«ሣህሌ… ክዳኑን ከፍተኸዋል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ! ወዲያው ነው የመለስኩት። ይቀዘቅዛል ብዬ ደግሞ እሳት ላይ አውጥቼ አፍልቼ ነው የቀበርኩት። ጭዱንም እንዳንቺው ጠቅጥቄዋለሁ።»

«ምን ከተትክበት?»

«ሥጋ ነዋ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሰው ነገ አገር ለቆ ሊሄድ፣ የመጨረሻ እራቱን ቅጠልና ሽምብራ ታበይዋለሽ? እኔ አፈርኩ። ሄጄ ከአብዶ ሥጋ ቤት ሁለት ኪሎ ምርጥ ሥጋ አስመዘንኩ። የእስላም ሥጋ ነው፤ ሀሊሜ ምንም አትል። እጄን እንኳ አላስነካሁትም፤ እሱ ከትፎ በቅጠል ጠቀለለልኝ፣ እኔ ከቅጠሉ ወደ ድስቱ ገለበጥኩት።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው!»

«እኛማ ጾመኞች ነን። እሷ ምን አደረገች? እሷ ትብላ፣ እኛ አጠገቧ ተቀምጠን እናጫውታታለን። እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው።»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ፋናዬን ያሳረራትም እሱ ነው። ሰውዬው ክፉ ቢሠራ ትጮህበት ነበር። ረቡዕ ባይሆን፣ ሐሙስ ቢሆን እንኳ ከዚህ ድስት እሷ አትቀምስም። ሀሊሜ ትበላለች፤ እሷ እጇን አጣምራ ከሩቅ ትስቅላታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደረግ የኖረው ሊደገም ነው፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድስቷ!

«አንተ ሰውዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ የነገሩህን ብትሰማ ምን ይቀንስብህ ነበር?» ብላ ጭዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በጣም የሚያናድድ ነገር ሆነ፤ አለቀሰች።

ሣህሌ ክው አለ። በሕይወቱ ሥጋ ገዝቶ ሰው ያስለቀሰ አይመስለውም ነበር።

ሀሊሜ በዚህ መሀል ደረሰች። አዲስ ሻሿን አስራለች፤ ለስንብት ብላ የሰነቀችው የማር ጣሳ እጇ ላይ ነው። ጭድ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ፋናዬን፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሣህሌን፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ሳጥን አየች።

«ማል ታቴ፣ ያ ፋናዬ? ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ! ብይ! ላንቺ የተሠራ ነው፣ ሥጋ አለበት፣ ከአብዶ ቤት ነው፣ ሐላል ነው፣ ብይ!» ፋናዬ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

«አንቺስ?»

«እኔማ ቆሜ አያለሁ! እንደ ሰርጉ!»

ሀሊሜ የማሩን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። የሰርጉን ነገር የተሸከመችው እሷ ብቻ መስሏት የኖረች ሴት ናት፤ ፋናዬም እስካሁን እንደምታስታውሰው ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ወላሂ፣ ሞኝ ነሽ፣» አለች። «ሥጋው ይቅር። መኮሮኒ ብለሽ አልነበር የጠራሽኝ? እሱ የታለ?»

«እዚያው ፓኮው ውስጥ። በምን ልቀቅለው? የኔ ድስቶች የኔን ሥጋ ያውቃሉ፣ አዲሱ ደግሞ ያንቺን። ምን ዕቃ ቀረኝ?»

ሀሊሜ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ታችው በጥላሸት የጠቆረው ትልቁ የሻይ በራድ ተቀምጧል።

«እሱስ? ከውሃና ከሻይ ሌላ ምን ያውቃል?»

ፋናዬ እንባዋን ሳትጠርግ በራዱን አየችው። ድስት ስትገዛ፣ ሳጥን ስትለምን፣ ጭድ በጆንያ ስትሸከም ይህ በራድ እዚያው ነበር። በንዴት ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

ሣህሌ ሳይታዘዝ ከሰሉን አራገበ። መኮሮኒው በበራዱ አፍ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ወረደ፤ ጨውና ዘይት ተጨመረበት። ገና ፈላ ከማለቱ ሣህሌ በስሎ እንደሆነ ሊያይ እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ።

«ክዳኑን!» አሉ ሁለቱ ሴቶች ባንድ ላይ። እጁን ሰበሰበ።

በሩብ ሰዓት ደረሰ። ጥቂቱ በበራዱ ጡት ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፤ ሌላው በማንኪያ እየተጎተተ ወጥቶ በታጠበ የሻይ ትሪ ላይ ተከመረ። ነጭ ነው፣ ሽምብራ የለው፣ ካሮት የለው። ፋናዬ «ይህ ነው ግብዣዬ!» ብላ ተበሳጨች። ሀሊሜ ግን ትሪውን ወደ መሀል ስባ ተቀመጠች፤ ሣህሌም ጥጉን ይዞ አጎንብሶ ይበላ ጀመር።

ፋናዬ እጇን ታጥባ ከትሪው ዘገነች። መኮሮኒ ግን ለጉርሻ አይሆንም። በጣቶቿ መሀል ተሙለጨለጨና ቀሚሷ ላይ ወደቀ። ደግማ ዘገነች፣ አሁንም ሾለከ። «እንጀራ ቢሆን ኖሮ! ምን ዓይነት የተረገመ ምግብ ነው!» አለች፤ እንባዋም ንዴቷም አብረው መጡባት። «አትሂጂ፣ ሀሊሜ። አትሂጂብኝ።»

ሀሊሜ አፏን እንደከፈተች ነበር። ዓይኗ ሞልቷል፤ ግን አፏን አልዘጋችም።

«ያ ፋናዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ፣» አለች። «አፌን ከፍቼ ልደር? መኪናው እኮ ማለዳ ነው።»

ፋናዬ በሦስተኛው አምስት ፍሬ በሁለት እጇ አፍና ይዛ አጎረሰቻት።