ሉልሰገድ ለሙከራ የሞተበት ቅዳሜ

ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይሄ ነገርህ አይረባም» የሚል ሰው አራዳ ውስጥ ካለ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። አታገኙም! ከጀርባ እንደሆነ ጉድህን ዘክዝኮ ይጨርሰዋል፤ ፊትህ ግን «በጣም ቆንጆ ነው፣ እጅህ ይባረክ» ብሎ ትከሻህን መታ መታ ያደርግልሃል። ሉልሰገድን ሥራውን ሊያሳጣው የነበረውም ይኸው ይሉኝታ ነው።

ሉልሰገድ አፍንጮ በር ተወልዶ ያደገ፣ አራት ኪሎ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ሥራው አንድ አፕ ከመለቀቁ በፊት ተጠቃሚው ፊት ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ሰውየው የት ጋ ይደናገራል፣ የቱ ቁልፍ ይጠፋበታል፣ ምኑ ያናድደዋል። አሁን የያዙት አፕ ለእድር ነው። ፒያሳ ፈርሶ ግማሹ አባል በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የእድሩን ጥሩምባ የሚሰማው ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ ሰው ሲሞት አፑ በየአባሉ ስልክ ላይ ጥሩምባ ይነፋና የሟቹን ስም ያወጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ፣ ሉልሰገድ እስካሁን ሰው ሲፈትን ከርሞ ለአለቃው ለማቲያስ ያመጣለት ምስጋና ብቻ መሆኑ ነው።

«ምስጋናውን ምን ላድርገው?» አለው ማቲያስ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ። «አፑ ሰኞ ይለቀቃል። ነገም ‹ቆንጆ ነው› የሚል ብቻ ሰብስበህ ከመጣህ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ሰኞ እንዳትመጣ። እንከን የማያይ ተመልካች ምን ያደርግልኛል?»

እንግዲህ ሉልሰገድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ፣ አንድ ኬክ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዞ፣ የሠፈሩን የእድር አባላት እየጠራ መፈተን ጀመረ። ለመጣው ሁሉ ማኪያቶ ያዝዛል። አይ ሉልሰገድ! ማኪያቶ የጋበዘውን ልጅ «ሥራህ አይረባም» የሚል ማን ይገኛል? በዚያ ላይ የሥራው ሕግ ተመልካች አይናገርም ይላል። ተጠቃሚው መንገዱ ቢጠፋበት አታሳየውም፣ ቢጠይቅህ አትመልስለትም፣ ዝም ብለህ ታያለህ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው መቼም አራዳ አላደገም።

መጀመሪያ የመጡት የእድሩ ዳኛ ጋሼ ክፍሎም ነበሩ።

«እንበልና አንድ ሰው ሞተ» አላቸው ሉልሰገድ ስልኩን እየሰጣቸው። «በዚህ ለአባላቱ ይንገሩ።»

«ማነው የሞተው?»

«ማንም ይሁን። እርስዎ ይምረጡ።»

«እኔ ልምረጥ? እኔ ማን ነኝና ነው የሚሞተውን የምመርጠው?» ስልኩን ገፋ አደረጉት። «በጠዋቱ ሟርት አታናግረኝ እንጂ ልጄ። አፑ ግን በጣም ቆንጆ ነው፤ ተባረክ።» ማኪያቷቸውን ጨልጠው ሄዱ።

ቀጥሎ የመጣው ወርቅ ሠሪው ሲሞን ነው። እሱ ደግሞ ድሮ የሞቱ አጎቱን ካልመረጥኩ አለ፤ እሳቸው ቀድመው ስለሞቱ ምንም አይሆኑም ነው የሚለው። አፑ ስማቸውን አላውቅም ሲለው አንገቱን ነቀነቀ፣ ለሉልሰገድ ፈገግ አለለትና «ምርጥ ነው፣ ወንድሜ» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሉልሰገድ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም።

እትዬ ሙሉእመቤት ሲገቡ ተስፋው ተሟጦ ነበር። እትዬ ሙሉእመቤት የእናቱ የወይዘሮ ቆንጅት ባልንጀራ ናቸው፤ እድሩ ውስጥ የወጥ ቤቱ አዛዥ እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ በቃ እኔን ይግደሉኝ» አላቸው።

«ውይ! ከአፍህ ይራቅ! ምን ነካህ?»

«ለሙከራ ነው። እኔው ፈቅጄልዎታለሁ። መላኪያውን ዘግቼዋለሁ፣ ማንም ጋ አይደርስም።»

መላኪያውን አልዘጋውም ነበር። ጋሼ ክፍሎም የሰጡትን የአባላት ስልክ ቁጥር ሁሉ አስገብቶ፣ መላኪያውን ጠዋት እዘጋዋለሁ ብሎ አስቦ፣ ማሰቡን እንደ መዝጋት ቆጥሮት ነው የመጣው።

እትዬ ሙሉእመቤት አማተቡ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ስልኩን ተቀበሉ።

«ይሄን ነው የምነካው?»

ዝም።

«አንተ! እያናገርኩህ እኮ ነው። ይሄን ነው ወይስ ያንን?»

ሉልሰገድ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ምነው፣ ተኳረፍን እንዴ? ስትወለድ ለእናትህ ገንፎ ያገነፋሁ ሰው ነኝ እኮ! ዛሬ አንዲት ቁልፍ ማሳየት ከበደህ?» እጃቸውን ሰደው ግንባሩን ዳበሱት። «ትኩሳትም የለህም። እንግዲህ ጥጋብ ነው።»

ሉልሰገድን ላብ አጠመቀው። ባንኮኒው ጋ የቆሙት ሁሉ እያዩት ነው፤ ትልቅ ሰው የሚያናግረው፣ እሱ የሚዘጋ ባለጌ! ግን በልቡ እሰይ ይላል፤ በመጨረሻ የሚደናገር ሰው አገኘ።

እትዬ ሙሉእመቤት ሲዳክሩ ቆይተው አፑ ውስጥ የወይዘሮ ቆንጅትን ቤት አገኙት። ከዚያ «ሟች ይምረጡ» ከሚለው ሥር «ልጅ፣ ሉልሰገድ» የሚለውን ነኩ። ወዲያው ሐሳባቸውን ለውጠው መመለሻ ፈለጉ፤ የለም። መመለሻውን ያስወጣው ራሱ ሉልሰገድ ነው፤ «ሞት መመለሻ አለው እንዴ?» ብሎ ቢሮውን በሙሉ አስቆ ነበር። የቀረችው አንዲት ቀይ ቁልፍ ናት። «ይቅር በለኝ ልጄ» ብለው ተጫኗት።

«እንዴት አገኙት?» አላቸው ሉልሰገድ፣ ምላሱ ተፈትቶ።

«በጣም ቆንጆ ነው።»

ሉልሰገድ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ያኔ ነው የእትዬ ሙሉእመቤት ቦርሳ ውስጥ ጥሩምባ የተነፋው። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው፣ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡ።

«የወይዘሮ ቆንጅት ልጅ ሉልሰገድ ስላረፈ... ውይ! ውይ በሞትኩት! ሉሌ! ምን አግኝቶት?» ደረታቸውን እየደቁ ተነሱ።

«እትዬ፣ እዚህ ነኝ እኮ!»

«ዝም በል አንተ! ሰው ሞቶብን...» አሉና ቀና ብለው አዩት። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። በወርቅ ሠሪዎቹ በኩል ደግሞ ሌላ። ሉልሰገድ እናቱ ጋ ደወለ፤ ኔትወርኩ እምቢ ብሎት ከስንት ሙከራ በኋላ አነሣች።

«እማዬ! አልሞትኩም!»

«ማን ሞትክ አለህ?»

«ስልክሽን አላየሽም?»

«መነጽሬ ጠፍቶብኝ እየፈለግኩ ነው። ይልቅ ሰዉ እያለቀሰ ይገባልኛል፤ ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ ብጠይቅ ያቅፉኛል እንጂ አይነግሩኝም።»

«እኔ ነኝ የሞትኩት።»

«አንተማ እያናገርከኝ ነው፣ ሞኝ። በል ዝጋው፣ ድንኳን ተካዮቹ አበባዬን ሊረግጡብኝ ነው።»

ታክሲ ቢጠብቁ ሰልፉ አያልቅም። እሱና እትዬ ሙሉእመቤት ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን እያለከለኩ አፍንጮ በር ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተጥዶ አገኙት። ጋሼ ክፍሎም በሩ ላይ ቆመው እያለቀሱ ነበር። ሲሞን ውስጥ ሆኖ «ጠዋት እኮ ማኪያቶ ጋብዞኛል!» እያለ ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

ሉልሰገድ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ ሴትዮ «ወይኔ፣ መጣ!» ብላ አግዳሚ ሥር ገባች።

«ስህተት ነው! ሙከራ ነበር! አፑ ነው!» አለ ሉልሰገድ።

መጀመሪያ «ተመስገን» አሉ፣ አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ወይ ንዴት!

«ሱቅ አዘግተኸን! ሥራ አስፈትተኸን!» አሉ ጋሼ ክፍሎም። «ና ወዲህ፣ ቁጭ በል! ‹ሟች ይምረጡ› ይባላል? ጨዋ ሰው ‹ማን አረፈ› ብሎ ይጠይቃል እንጂ!»

«ፊደሉ ደግሞ ጉንዳን ነው የሚያህለው!» አለ ሲሞን። «ጠዋት ዓይኔን አፍጥጬ በግድ ነው ያነበብኩት። ማኪያቶህን ጠጥቼ እንዴት ልንገርህ?»

«መመለሻ የሌለው ነገር ሰው እጅ ይሰጣል?» አሉ እትዬ ሙሉእመቤት። «ገደል እኮ ነው የሰደድከኝ! ልጁ ራሱም ሲጠይቁት አይመልስም!»

ሉልሰገድ እንባው መጣ። ደስ ብሎት ነው! «እባካችሁ ቀስ በሉ» አለ ወረቀቱን እያወጣ፣ «እየጻፍኩ ነው።» ከዚህ ወዲያ ማቲያስ ከሥራ ሊያባርረው አይችልም። ሰዉም አንዴ አፉ ተከፍቷልና፣ ከአፑ አልፎ ስለ ፀጉር አቆራረጡ ሁሉ መናገር ጀምሮ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። መነጽሯን አግኝታለች። ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታነባለች።

«ለእኔም ልኮልኛል» አለች ቀስ ብላ።

ሰዉ ወደ እሷ ዞረ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ለእናት ጎረቤት ተማክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰው በዙሪያዋ ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚደግፋት ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ድረስ ሠፈር ሙሉ አፉን ይዘጋል። ሉልሰገድም ያውቃል፤ የአባቱ የኃይለየሱስ መርዶ ሲነገር እዚያው ቤት ነበር። ግን አፑ ሲሠራ አንድም ቀን ትዝ አላለውም። ጋሼ ክፍሎምም የስልክ ቁጥሮቹን ሲሰጡት ትዝ አላላቸውም።

«አጠገቤ ተቀምጠሃል፣ እያየሁህ ነው» አለች እናቱ። «ሳነበው ግን የሞትክ መሰለኝ። መነጽሬ ባይጠፋብኝ ኖሮስ? ብቻዬን ሆኜ፣ ወጥ እያማሰልኩ ባነበው ኖሮስ?»

ሉልሰገድ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ማቲያስ ጋ ደወለ።

«እህ፣ እንከን ተገኘ?» አለ ማቲያስ።

«ሞልቷል። አንዱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ለእናትየውም ይልካል።»

«ለማን እናት?»

«ለሟቹ እናት። ለእኔ እናት ልኳል።»

ማቲያስ ሌላውን እንከን አልጠየቀም። እሱም እናት አለው።

«ሰኞ አንለቀውም» አለ። «አንተ ግን ቶሎ ግባ፤ መጀመሪያ እሱን ነው የምንሠራው።»

ሉልሰገድ ስልኩን ሲዘጋ ጋሼ ክፍሎም ሰዉን ተራ እያስያዙ ነበር፤ ያልተናገረ ገና ብዙ ነው። ወረቀቱን ሊያነሣ ቢል እናቱ ቀኝ እጁን ጨብጣ ይዛዋለች።

«ልቀቂኝ እማዬ፣ ልጽፍ ነው።»

«በግራህ ጻፍ» አለችው።

በግራው ጻፈ።